የማይካካሱ አምስት መስመሮች

በዚህ ሰፈር ልብስ ስሰፋ አርባ ዓመት ሆነኝ። እኔ የሰፋሁትን ለብሰው የተማሩ፣ የተሾሙ ሁሉ ዛሬ አንድ ነገር ብጠይቃቸው «ተዪው፣ አይገባሽም» ይሉኛል። ትምህርት ቤት አልገባሁም እንጂ ጭንቅላቴን የትም አልጣልኩትም። ይህንንም የምጽፈው በስተርጅና በለቀምኳት ፊደል ነው፤ ያልጣመው አያንብበው።

ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊቴ ጤና ጣቢያ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ ላቦራቶሪው መስኮት አጠገብ የእህቴን ልጅ አየሁት። የሂሳብ አስተማሪ ነው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ወረቀት ይዞ ለብቻው ፈገግ ይላል።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» አልኩት።

ደንግጦ ወረቀቱን አጠፈው። «ምንም አይደል፣ እትዬ። ደም ልለግስ ሄጄ የጉበት ቫይረስ አለብህ ብለውኝ ነበር፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚሉት። በዝርዝር ሲታይ ግን ደህና ነው።»

«ደህና ነው ያለህ ማነው?»

«ወረቀቱ ራሱ። አምስት መስመር አለው። ሁለቱ ፖዘቲቭ፣ ሦስቱ ኔጌቲቭ። ኔጌቲቩ ይበልጣል።»

«ውጤት የምታስረዳው ነርስ ናት እንዲህ ያለችህ?»

«እሷ ጋ አልገባሁም። እትዬ፣ ይሄ የቁጥር ነገር ነው፤ ለእርስዎ ይከብድዎታል።»

ይኸውላችሁ! አፍንጫውን ስጠርግለት የኖርኩት ልጅ!

«እሺ፣ የሚከብደኝን ተወውና የሚቀለኝን ልጠይቅህ። ኮት ስለካ ትከሻ፣ ደረት፣ እጅጌ፣ ወገብ፣ ቁመት እይዛለሁ። አምስት ነው። ትከሻው ቢጠብ፣ አራቱ ልክ ስለሆኑ ኮቱ ደህና ነው ብዬ ላስረክብ?»

«አይሆንም።»

«ምነው? አራት ለአንድ እኮ ነው።»

«እያንዳንዱ ልክ የየራሱ ነው፤ አይካካስም» አለ።

«ታዲያ ይህን ወረቀት ማን ደምረው አለህ?»

ሚስቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ነግሯት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ደህና ከሆንኩ ለምን አስደነግጣታለሁ?» አለኝ። ክንዱን ይዤ ወደ ነርሷ ክፍል አስገባሁት።

ነርሷ እኔን እንደ ወንበር አልፋ ለእሱ ብቻ ማውራት ጀመረች። «የኔ ልጅ፣ ለሁለታችንም ንገሪን፤ መስመር በመስመር» አልኳት። ፈገግ ብላ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች።

«የመጀመሪያው ቫይረሱ አሁን በደምህ ውስጥ አለ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ፖዘቲቭ፤ አለ። ሁለተኛው የሚከላከልልህ ኃይል አለህ ወይ ነው። ኔጌቲቭ፤ የለህም። እዚህ ላይ ፖዘቲቭ ቢሆን ነበር ደስ የሚለን።»

አስተማሪው አንገቱን ደፋ።

«ሦስተኛው ሰውነትህ ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቶ ያውቃል ወይ ነው፤ አዎ። አራተኛው፣ የያዘህ በቅርቡ ነው ወይ፤ አይመስልም። አምስተኛው፣ ቫይረሱ በኃይል እየተራባ ነው ወይ፤ አይመስልም። ግን ይሄ ብቻውን አያስተማምንም። የቫይረሱን ብዛትና የጉበትህን ሁኔታ የሚያሳይ ሌላ ምርመራ አለ። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን እንደግመዋለን፤ ያኔም ከተገኘ ሥር ሰዷል ማለት ነው።»

«ልሞት ነው?»

«ክትትሉን ካላቋረጠ ብዙ ሰው ከዚህ ጋር እስከ ሽምግልናው ይኖራል። ካስፈለገም መድኃኒት አለው። መጠጥ ግን ተው።»

«ሚስቴ ከየት አመጣኸው ብትለኝስ?»

«ወረቀቱ ከማን እንደያዘህ አይናገርም። ብዙ ሰው ሲወለድ ከእናቱ፣ ወይም በሕፃንነቱ ነው የሚይዘው።»

እዚህ ላይ እናቱ ትዝ አለችኝ። እህቴ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዷ አብጦ ነው የሞተችው። ያኔ ሳህኗንና ብርጭቋን የለየሁት እኔ ነኝ። ጥግ ላይ ብቻዋን ትበላ ነበር።

«ሳህን ያስተላልፋል?» አልኩ።

«አያስተላልፍም፣ እማማ። አብሮ መብላትም መተቃቀፍም አያስተላልፍም። ደም ነው፤ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ መዋዋስ ነው፤ በወሊድም ከእናት ወደ ልጅ።»

«እህቴን የገደላት እሱ ይሆን?»

«አሁን ማወቅ አንችልም። ከአንድ እናት ከተወለዳችሁ ግን እርስዎም ይመርመሩ።»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። በከንቱ ስለለየኋት እህቴ ያለቀስኩት መርፌው ክንዴ ላይ እያለ ነው፤ ነርሷ መርፌው ያመመኝ መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ሚስትህ ሳትወልድ ትመርመር። ነፃ ከሆነች ትከተባለች፤ እስከዚያ በኮንዶም ተጠንቀቁ። ካለባትም ሐኪም ይከታተላታል። ሕፃኑ በተወለደበት ቀን ከተከተበና ቀሪዎቹን ክትባቶች በጊዜያቸው ከወሰደ፣ የመያዙ ዕድል በጣም ይቀንሳል።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን እይው። ውጤቱን የተረዳ ሰው ጉበቱ ሳይጎዳ ይደርስለታል፤ ሚስቱን ያስከትባል፤ ልጁን ያተርፋል፤ ማንንም ከማዕድ አያገልም። ወረቀት አጥፎ ኪሱ የሚከት ግን፣ ምንም ቢማር፣ ከእኔ በምን ይሻላል?

ግቢው በር ላይ ስንደርስ አስተማሪው ቆመ። «ልክ ነዎት፣ እትዬ። ተሳስቼ ነበር። ቅዳሜ እነግራታለሁ፤ የተማሪዎቹን ፈተና አርሜ ልጨርስ።»

«ቅዳሜ የሚባል የለም!» አልኩት። «እዚያ ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ ፈተና እስክታርም አይጠብቅህም። አሁን ቤት ትገባለህ። ወረቀቱን ፊቷ ዘርግተህ አንድ መስመር ሳትዘል ትነግራታለህ። ብታለቅስ ከአጠገቧ አትነሣም። ነገ ጠዋት ይዘሃት እዚህ በር ላይ ላግኝህ።»