ጋላባት አለች የተባለችው ሚስት

የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ በራሴ ጥረት የሕክምና መጽሐፍ ሳይቀር ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ በመተማ እንደ እኔ ያነበበ ካለ ይምጣ። ስለዚህ ከመተማ ወደ ገንዳ ውኃ ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡት አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ነርስ ያወሩትን አንድም ሳላስቀር ያዝኩት።

“ሽማግሌ እንዲሰበሰብበት ወንድሞቼ ዘንድ መሄዴ ነው። ባሌ ሱዳን ጋላባት ሚስት አስቀምጧል!”

“በምን አወቁ፣ እማማ?”

“ድንበሩን እየተሻገረ ይጠፋል። ስጠይቀው ‘ትራክተሬን ልነዳ’ ይለኛል። ትራክተሩ ከተሸጠ ስንት ዘመኑ!”

“ባለቤትዎ ስምዎንስ ይረሳሉ?”

“ትናንት ‘አንቺ የማን ነሽ?’ አለኝ። እኔን፣ ልጆቹን የወለድኩለትን!”

“እማማ፣ ይኼማ በሽታ ይመስላል! አንጎል ውስጥ ያለው ፕሮቲን እየተጣበቀ ይጓጉላል። ያኔ የቅርቡ ነገር ይጠፋል፣ የድሮው ይቀራል።”

“እንዴት አድርጎ ይጓጉላል?”

“ክረምት ላይ የዋልካው ጭቃ ትራክተር ጎማ ላይ ተጠቅልሎ አላስኬድ ይል የለ? እንደሱ።”

“እና ሚስት የለችውም?”

“ሐኪም ይያቸው እንጂ፣ እኔስ በሽታ ነው የምለው።”

“እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እኔ እኮ ስሰድበው ከረምኩ! ይድናል?”

“የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ብቻ ለብቻቸው አይተዉዋቸው።”

“ለብቻው ነው የተውኩት! ሾፌር፣ ወራጅ አለ!”

“እማማ፣ ገና አልደረስንም እኮ” አለ ሾፌሩ።

“የምን መድረስ! ባሌ ትራክተሩን አስነስቶ ሳይሄድብኝ አውርደኝ!”

ሴትዮዋ ወርደው ወደ መተማ የሚመለስ መኪና ሲያስቆሙ፣ እኔ የሚስቴን ስም በልቤ ደጋግሜ ጠራሁ።