መሳቢያዬን ባዶ አድርጋችሁ ሸኙኝ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ኤጄታ፣ ክቡራትና ክቡራን የመንገድ ጥገና ጽሕፈት ቤታችን ባልደረቦች፣ ከጌዶና ከጊንጪ ካምፕ ለእኔ ብላችሁ አምቦ የገባችሁ ሁሉ፣ ገለቶማ። አዳራሹን ያሰናዳችሁትን፣ ጥብሱን ያዘዛችሁትን፣ ወንበር የተሸከማችሁትን አመሰግናለሁ። ስለ ስጦታውም አመሰግናለሁ። ትልቅ ስልክ ነው የሰጣችሁኝ።

እስቲ ግን እንነጋገር። የሰው ስልክ ስትጠብቅ ለኖረች ገንዘብ ያዥ፣ ከዚህ ሁሉ ዕቃ መርጣችሁ ስልክ? አምቦ ገበያ ጋቢ ጠፍቶ ነው?

ቤተሰብ ይዛችሁ የመጣችሁ ስላላችሁ ነገሩን ላስረዳ። ደመወዙም፣ መብራቱም፣ የትምህርት ቤት ክፍያውም በባንክ አፕ ካለቀ ወዲህ የእኛ መስክ ሠራተኞች አንድ ልማድ አመጡ። መንገድ ላይ አቧራ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ኔትወርኩም ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይቀራል። ስለዚህ ትንሿን ባለቁልፍ ስልክ ኪሳቸው ይከታሉ፤ ባንኩ ያለበትን ትልቁን ስልክ እኔ መሳቢያ ውስጥ ጥለው ይሄዳሉ። ምስጢር ቁጥሩስ? ምስጢር ቁጥሩማ ስልኩ ጀርባ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ምስጢር ይሉታል እንግዲህ።

ከዚያ ትንሿ ስልክ ትጮሃለች። «ማሎ፣ እባክሽ አዴ ሙሉ፣ የልጆቹን ክፈይልኝ።» «አዴ ሙሉ፣ ዕድሩን አደራ።» «አዴ ሙሉወርቅ፣ እስቲ ስንት እንደቀረኝ እዪልኝ።» ስንት እንደቀረህ? ምን ቀረህና? ወር በገባ በሳምንቱ ጨርሰህ እኔን ምን ላርግ ትለኛለህ?

የማን ገንዘብ መቼ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ባል ከሚስቱ፣ ሚስትም ከባሏ የሸሸጉትን አውቃለሁ። አሁን እዚያ ጥግ ላይ አንገቱን የደፋው ሰው ቀና ይበል፤ ዛሬ አልናገርም።

ቢሊሴን ታውቋታላችሁ፤ የሒሳብ ክፍላችን ናት፣ ከነገ ጀምሮ በእኔ ወንበር የምትቀመጠው እሷ ናት። አምና አዘነችላችሁና ሁላችሁንም ሰብስባ የወጪ መቆጣጠሪያ አፕ አስጫነቻችሁ። ጥሩ ነገር ነው። ያወጣኸውን ትጽፋለህ፣ እሱ ደምሮ የት እንደጠፋ ይነግርሃል። ግን አፑን የሠራው ሰው የእኛን ኑሮ አያውቀውም። ምግብ አለው፣ ጉዞ አለው፣ መዝናኛ አለው፣ የቤት እንስሳ እንኳ አለው። ለቅሶ የለውም።

ሾፌራችን ደግፌ ጊንጪ አጎቱ ሞተውበት ሄደ። ለድንኳኑ አዋጣ፣ ለንፍሮው አዋጣ፣ ዘመድ አጓጓዘ። ማታ አፑን ከፈተ፤ ለቅሶ የሚል ሲያጣ የት ጻፈው? መዝናኛ ላይ። እኔ ምን ላድርግ፣ ቦታ የለውም አለኝ። ወሩ አለቀና አፑ በቀይ ጻፈለት፤ በዚህ ወር ለመዝናኛ ያወጡት ከአቅምዎ በላይ ነው። ስልኩን ቤት ረስቶት ነበር፤ ማን አነበበው? ኡርጌ፣ ሚስቱ። እሷም ቀጥታ ወደ እኔ ደወለች።

«አዴ ሙሉ፣ ደግፌ ጊንጪ ላይ ማንን ነው የሚያዝናናው?»

«ኧረ አጎቱን ቀብሮ ነው» አልኳት።

«ቀብሮ ነው የተዝናናው?»

ይህን የማስታርቀው እኔ ነኝ። ገንዘብ ያዥ ብላችሁ ቀጠራችሁኝ እንጂ ሽማግሌ ብላችሁ መቼ ቀጠራችሁኝ? ደግሞ ይሄው ደግፌ በሬ ገዝቶ የቤት እንስሳ ላይ መዝግቦ፣ አፑ ለቤት እንስሳ የሚያወጡትን ቢቀንሱ ብሎ መክሮታል። ግማሽ በሬ ይግዛ እንግዲህ።

እስካሁን የተናገርኩት የሚያስቅ ነው፤ ሳቁ። አሁን የምናገረው ግን አላሳቀኝም፣ ሳልናገረውም ከዚህ ቤት ብወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከፋሲካ በኋላ ኦቦ ጀቤሳ፣ የግሬደር ኦፕሬተራችን፣ ከጌዶ መጣ። ስልኩን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ከፈተው፣ አየው፣ እንደገና አየው። ስድስት ሺህ ብር የለም። «አዴ ሙሉ፣ ምናልባት ለሌላ ሰው ስትልኪ በስህተት...» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ያቺን «በስህተት» እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ሌባ ያለኝ ሰው የለም፤ እውነት ነው፣ ማንም አላለኝም። ግን በዚያው ቀን ከሰዓት አንዱ መጣና ስልኬን ቻርጅ ላድርገው አለኝ። ቀጥሎ ሌላው፤ ለልጄ ላሳየው። ሲመሽ መሳቢያው ባዶ ሆነ። መጥቶ የማይቀመጥ ሰው ያልነበረው ቢሮዬ ሁለት ቀን ጭር አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እናንተ ደግሞ ጥርጣሬውን አቆይታችሁ አቆይታችሁ በእኔ ጀመራችሁት።

ዕድሜዬን ሙሉ የመንግሥትን ገንዘብ ይዣለሁ፤ ኦዲተር ሲመጣ ሒሳቤን ሁለቴ ቆጥሬ አላውቅም። በእነዚያ ሁለት ቀናት አሥሬ ቆጠርኩ። ጡረታዬ ወራት ሲቀሩት ስሜ ሊጠፋ ነው ብዬ አለቀስኩ። ይህን አላወቃችሁም፤ ዛሬ እወቁት።

ብሩ የት ተገኘ? ቢሊሴ ናት ያገኘችው። ኦቦ ጀቤሳ እሷ አፑን ባስጫነችበት ቀን የባንኩንም አፕ ሲያሳድስ የምሳ ሰዓት ደርሶበት፣ የባንኩ አፕ የጠየቀውን ሁሉ ሳያነብ «እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» እያለ ተጭኖ ነበር የወጣው። ከተስማማባቸው ነገሮች አንዱ ከደመወዙ በየወሩ ተቆርጦ የቁጠባ ሒሳቡ ውስጥ እንዲገባ ነው። ብሩ እዚያው ስልክ ውስጥ፣ በራሱ ስም፣ ቁጭ ብሏል። ሰውየው ሳያውቀው ቆጥቦ ነው እኔ ሌባ ልሆን የነበረው።

ያን ቀን ምን ሆነ? ደስታ። ለሁሉም ሰው አምቦ ውሃ ታዘዘ። ጀቤሳም ወደ እኔ ዞሮ «እኔ እኮ አልጠረጠርኩሽም» አለ። ማን ጠየቀህ? ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት ምን አገኘሁ? ስልኮቹ ተመልሰው መሳቢያው ውስጥ። ከነፕላስተራቸው!

እንግዲህ ስሙኝ። ከነገ ጀምሮ እዚህ የለሁም። የሁላችሁም ቁጥር ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ግማሻችሁ የግሬደሩን ሰሌዳ ቁጥር ነው ያደረጋችሁት፤ ይህን እንኳን እኔ ግሬደሩም ያውቀዋል። ነገ አንድ ሰው አንድ መቶ ብር ቢጎድልበት፣ ዘወር ብሎ የሚያየው የእኔን ቤት ነው። እኔ ካልሆንኩ ቢሊሴን ነው። ገና ልጅ ታጠባለች፣ የሥራ ዘመኗ ሙሉ ከፊቷ ነው። ወንበሬን አወርሳታለሁ፣ ካልኩሌተሬን አወርሳታለሁ። ያንን መሳቢያ ግን አላወርሳትም።

ዛሬ ጠዋት ፕላስተሩን ሁሉ ልጬ ጥያለሁ። ስልኮቻችሁ ይኸው በዚህ ፌስታል ውስጥ ናቸው። ቢሊሴ፣ አዙሪላቸው። ጥብሱ ደርሷል፣ ሽታውም ይሸተኛል፤ ኔትወርኩም ዛሬ አለ፣ አይቼዋለሁ። ምስጢር ቁጥሩን በገዛ ጣቱ ያልቀየረ ሰው ሳህን አያነሳም። ኦቦ ኤጄታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎንም ይጨምራል።

ፀሐፊያችን ሲንቄ፣ ጮክ ብለሽ አትቁጠሪ። ደግፌ፣ የልደት ቀንህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሌላ ፈልግ። ማስታወሻ ላይ የሚጽፍ ማነው? ተው።

ኦቦ ጀቤሳ፣ ስልኩን ይዘህ ወዴት ነው የምትመጣው? «አንቺ ቀይሪልኝ» ነው የምትለኝ? አሁን? ከዚህ ሁሉ ንግግር በኋላ? ተመለስ፣ ተቀመጥ። ጣት አለህ። ግሬደር የሚነዳ ሰው ስልክ አያቅተውም። ጎሽ። አሁን ዝጋውና ኪስህ ክተተው፤ ቁጥሩንም ለእኔ አትንገረኝ።

ጀቤሳ፣ ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ። ሁላችሁንም ይቅር ብያለሁ። ስለምወዳችሁ ነው የተቆጣሁት፤ የማልወደውን ሰው ዕድር አልከፍልም ነበር።

ደመወዛችሁ በረከት ይኑረው፤ የወሩን ሠላሳኛ ቀን ይይ። መዝናኛ ብላችሁ የምትጽፉት መዝናኛ ይሁን፣ ለቅሶ ከደጃችሁ ይራቅ። መንገዱ ላይ ከመኪና፣ ከናዳ ይሰውራችሁ። ቢሊሴ፣ ልጅሽ ይደግልሽ፤ መሳቢያሽ ውስጥ ከእስክሪብቶ በቀር ምንም አይግባ።

እናንተ አሁን ያወጣችሁትን ቁጥር እግዚአብሔር አያስረሳችሁ። እኔን ደግሞ የማውቀውን ሁሉ ያስረሳኝ፤ ስማችሁንና ፊታችሁን ብቻ ያስቀርልኝ።

ነጋቲ፣ ደህና ሁኑ። አሁን ብሉ።