የጋሼ በላቸው ካርቶን

ኮሎምበስ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ኦዲተር አድርጋ መረጠችኝ። አንድ የሂሳብ መጽሐፍ ስላነበብኩ ከእንግዲህ ማንም አያታልለኝም ብዬ ተነፋሁ። መጀመሪያ የቀረበችው የመዘምራኑ አዲስ ገንዘብ ያዥ ህሊና ናት። ከመጣች ገና ሦስት ወሯ፣ ማን አምኗት! ለአንዲት የመኪና ቤንዚን ደረሰኝ እንኳ "ከከተማችን ጥግ ደብሊን ድረስ ምን ልትሠሪ ነዳሽ?" እያልኩ ግማሽ ቀን ላብ በላብ አደረግኳት። "መዝሙር ልናቀርብ ነዋ፣ እትዬ!" ብትል ማን ሊሰማት።

ቀጥሎ ዘጠኝ ዓመት ዋናውን ገንዘብ የያዙት ጋሼ በላቸው፣ ደረሰኝ የሚያጠራቅሙበትን የጫማ ካርቶን ታቅፈው ከሚኖሩበት ከፒከሪንግተን መጡ። "እሳቸውን ደግሞ ምን ብዬ እጠይቃለሁ!" አልኩና "ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል" ከሚለው ሥር ካርቶኑን ሳልከፍት ፈረምኩ። እዚያው የቆየችው ህሊና ቀስ ብላ የካርቶኑን ክዳን ገለጠችው። ውስጡ አዲስ ጥቁር ጫማ!

"እትዬ፣ ጫማውን ነው ያጸደቁት?" አለችኝ።

ጋሼ "ውይ፣ ካርቶን ተሳስቻለሁ! ግዴለም፣ አንዴ ፈርመሽልኛል" አሉ።

ፊቴ እንደ እሳት እየነደደ ወረቀቱን ቀደድኩት። "ሄደው ትክክለኛውን ያምጡ።"

"እኔን? ዘጠኝ ዓመት ተዋውቀን?"

"እርስዎንማ አውቃለሁ ጋሼ፤ ካርቶንዎን ነው የማላውቀው።"