ጳጉሜ የሌለበት ሰሌዳ

ጳጉሜ ሁለት፣ ጠዋት፤ የአንድ ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ሲስተር አሰለፈችና የተረኞችን ሰሌዳ በኮምፒውተር ትእዛዝ (በኤክሴል ማክሮ) የሠራችላቸው ረድኤት በር ላይ ቆመዋል።

ረድኤት፦ የሥራ ምስክር ደብዳቤውን ብቻ ይፈርሙልኝ ሲስተር። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ሲስተር፦ ምን ብዬ? «ጳጉሜን በላችልን» ብዬ?

ረድኤት፦ አምስት ቀን እኮ ናት።

ሲስተር፦ አምስቱን ቀን ሴት አትወልድም?

ረድኤት፦ እንደሱ አላልኩም።

ሲስተር፦ ሰሌዳሽ ብሏል። ከነሐሴ ሠላሳ ዘሎ መስከረም አንድ! ስሙን ያላየ ሁሉ ቤቱ ቀረ። ትናንት አንዷ ምጥ ይዟት ስትመጣ ተረኛው እግዜር ብቻ ነበር።

ረድኤት፦ ደህና ናት?

ሲስተር፦ ደህና ናት። የጽዳት ሠራተኛዋ ደውላልኝ በነጠላ ጫማ ሮጬ ደረስኩ። የሕፃኑ ጭንቅላት ወጥቶ ነበር።

ረድኤት፦ የተማርኩት ከፈረንጅ ቪዲዮ ነው። እነሱ ወራቸው አሥራ ሁለት ነው። እንዳለ ገለበጥኩት።

ሲስተር፦ አንቺስ የት ነው የተወለድሽው?

ረድኤት፦ እዚሁ።

ሲስተር፦ መቼ?

ረድኤት፦ እሱን ይተዉት።

ሲስተር፦ መቼ?

ረድኤት፦ ጳጉሜ አራት።

ሲስተር፦ ጉድ! የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይሄ ነው።

ረድኤት፦ ትንሽ ነገር ናት የምትጨመረው። አሁኑኑ ላስተካክለው፣ ከዚያ ቁልፉን ይጫኑት፤ ሰዉን በየቀኑ ራሱ ይደለድላል።

ሲስተር፦ ማን ሊያምነው? አዋላጆቹ ወረቀቱን ከግድግዳ ላይ ቀደዱት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ረድኤት፦ አልሮጥኩም። ስምንት ወር ተምሬ ያገኘሁት ደንበኛ እርስዎ ብቻ ነዎት። የሄድኩበት ሁሉ «ማን ጋ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ነው። ማኅተም ያለው ወረቀት ካልያዝኩ አያስገቡኝም።

ሲስተር፦ ማኅተም ብመታልሽ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሌላ ወር ልትበይ ነው።

ረድኤት፦ ሌላውማ ሁሉም አለ።

ሲስተር፦ አታስቂኝ። ያቺ ወላድ ብትሞትብኝ ደብዳቤው የሚጻፈው ለእኔ ነበር። አልፈርምም።

ረድኤት፦ በቃ?

ሲስተር፦ በቃ።

ረድኤት፦ እሺ። ደህና ይዋሉ።

ሲስተር፦ ነይ እስቲ። የእጅ ጽሑፍሽ ይነበባል?

ረድኤት፦ ለምን?

ሲስተር፦ ካርድ ክፍል የምትጽፈው ልጅ የወሊድ ፈቃድ ወጥታለች። የበሽተኛ ስም መዝገብ ላይ መገልበጥ ነው። በእጅ።

ረድኤት፦ ኮምፒውተር የላችሁም?

ሲስተር፦ አለን። ዳንቴል አልብሰነዋል።

ረድኤት፦ በእጅ ብቻ?

ሲስተር፦ ከፈለግሽ ነው።

ረድኤት፦ እስክሪብቶ ከእናንተ ነው ወይስ ይዤ ልምጣ?