በፓምፑ ውስጥ ያልነበረው ጠጠር

በቤቴ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እኔ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ሥራ ፈት ሰው ሲናደድ ደግሞ እግሩ አያርፍም። ባዶ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ወደ ፓምፕ ጣቢያው ሄድሁ። እውነቱን ልናገር፣ የሄድሁት ልጮህባቸው ነበር።

በሩ ላይ ስደርስ ግን ጩኸቱ ቀድሞኝ ኖሯል። ከሚጨቃጨቁት አንዱ የጣቢያው ሹም ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመፍቻ እጀታ ጆሯቸው ላይ ደግነው የማሽን ሕመም ሲያዳምጡ ስለኖሩ ሰፈሩ «ባለጆሮው» ይላቸዋል። ሁለተኛዋ የወንድማቸው ልጅ ናት። ምህንድስና ተምራ ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም፤ ለልምምድ እሳቸው ዘንድ ተመድባለች። ሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ ግድግዳ የተደገፈ ጎልማሳ ነበር። ሥራው ከወንዙ ውሃ በሚስበው ቧንቧ አፍ ላይ ያለውን ወንፊት ማጽዳት ነው። ጠረጴዛው ላይ የዚህ ሰው የስንብት ደብዳቤ ተቀምጧል፤ የቀረው የባለጆሮው ፊርማ ብቻ ነው።

«እንኳን መጡ መምህር! እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ ባለጆሮው። «ሦስት ቀን ፈትተን፣ አጥበን፣ ገጠምነው። አሁን ይስሙት እስቲ!»

ሰማሁ። ጠጠር የሞላ ቆርቆሮ የሚያናውጡ ይመስላል።

«ይሄ ሰው ወንፊቱን በቅጡ አይጠርግም፤ ጠጠር ይገባል፤ ጠጠሩ ኢምፔለሩን ይበላዋል።» ይህን ብለው ከጠረጴዛው ሥር አንድ ክንፋም የነሐስ መዘውር አወጡ፤ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው እሱ ነው። ነቀዝ የገባበት እንጨት መስሎ ተቦርቡሯል። «በሁለት ዓመት ሦስተኛው ነው። አሁን የገባው የመጨረሻው ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሌላ የለም። እሱም ከተበላ ሰፈሩ ውሃ የሚባል ነገር አያይም። ታዲያ ይሄን ሰው ላሞካሸው?»

«ጋሼ፣ እስካሁን ፓምፑን ስንት ጊዜ ፈቱት?» አለች ልጅቷ።

«አሥራ አንድ ጊዜ።»

«ስንት ጠጠር አገኙ?»

ባለጆሮው መዘውሩን ገለበጡት። «ጠጠሩማ... ውሃው ይዞት ይሄዳል።»

ልጅቷ ከማሽኑ ጋር የመጣውን ወፍራም መጽሐፍ ገለጠች። «ጋሼ፣ የሕመሙን ስም ትናንት አገኘሁት። ካቪቴሽን ይባላል።»

«ይኸውልዎ መምህር!» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ከመጣች ጀምሮ የእንግሊዝኛ ቃል ስትለቅም ነው የምትውለው። በቀን አምስት አምስት! ፕሬዠር፣ ቶርክ፣ ቪስኮሲቲ... ለመሆኑ ቃል ብሎን ያጠብቃል? እኔ ይሄን ብረት ያወቅሁት በጆሮዬና በመዳፌ ነው።»

«ጆሮዎ እኮ ልክ ነው የሰማው፤ ማን ተሳሳተ አለ? እዚህ ገጽ ላይ ምን እንደሚል ላንብብልዎ? ‹ድምፁ በፓምፑ ውስጥ ጠጠር ያለ ያስመስላል› ይላል።»

ባለጆሮው ድምፃቸው ወረደ። «እንዲህ ብሎ ተጽፏል?»

«ቃል በቃል።»

ጀሪካኔን አስቀምጬ ወደ ገጹ ተጠጋሁ። አንድ የማናውቀው ሰው፣ በማናውቀው አገር፣ እኛ የቆምንበትን ድምፅ ሰምቶ ጽፎት ኖሯል።

«ታዲያ በገዛ ቋንቋችን ቢሆን ምን ነበረበት?» አሉ ባለጆሮው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም አላቃለልሁትም።

«ቢሆንማ እኔም ደስ ይለኛል፤ እኛው እንጽፈዋለን» አለች። «ግን መጽሐፉ ስድስት መቶ ገጽ ነው፤ የጻፉት ሰዎች የደረደሩት እነሱ ባወጡት ስም ነው። ስሙን ካላወቅሁ በየት በኩል ልፈልገው? ካገኘሁት ወዲያ ግን ይኸው በራሳችን ቋንቋ እየነገርኩዎት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሳይሞቅ ይፈላል ማለት ነው።»

«ወይ ጉድ! ልጅቷን ትምህርቱ አዞረባት!» ብለው ሳቁ።

እሷ አልተቆጣችም። ከመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ መርፌ የሌለው ስሪንጅ አመጣች። ከፔርሙሱ ትኩስ ውሃ ቀድታ፣ ጣት እስኪችለው ጠበቀች። አጎቷን ጣታቸውን አስነከረቻቸው። ከዚያ ጥቂት ሳበችበት፤ አየሩን አስወጥታ ጫፉን በአውራ ጣቷ ደፈነች። «የእጅ ጉልበት ትንሽ ስለሆነ ነው ለብ ያለ ውሃ የመረጥሁት፤ ፓምፑ ግን ቀዝቃዛውንም ያፈላል። በሉ ጋሼ፣ መግፊያውን ይሳቡት።»

ባለጆሮው ሳቡት። ውሃው እሳት እንደተጣደበት ተንተከተከ። ሲለቁት ጸጥ አለ። እንደገና ሳቡት፤ እንደገና ፈላ።

«በስመ አብ!» አሉ።

ለምን እዋሻለሁ፣ እኔም አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ይህን ነገር ስንት ዓመት በጠመኔ አስተምሬዋለሁ፤ ለአንድ ተማሪ እንኳ ስሪንጅ አስይዤ አላውቅም። አፈርሁ።

«ፓምፑ ውሃ የሚስብበት ጎን ሳክሽን ይባላል» አለች ልጅቷ። «መግቢያው ጠቦ እዚያ ግፊቱ ሲያንስ ውሃው አረፋ ይሆናል። አረፋው ክንፉ ጋ ደርሶ ግፊት ሲያገኘው ባንዴ ይጨፈለቃል። እያንዳንዱ አረፋ ነሐሱን ይመታዋል፤ ሺህ ጊዜ፣ ሚሊዮን ጊዜ።»

«አረፋ... ነሐስ ይበላል?» አሉ በሹክሹክታ። የተቦረቦረውን መዘውር አነሡና በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይበላል። አሁን ይንገሩኝ ጋሼ፣ የሳክሽኑን ቫልቭ ማን አጠበበው?»

ባለጆሮው ወደ ቫልቩ ዞሩ። «እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ወንዙ ሲደፈርስ፣ ጠጠር በኃይል እንዳይገባ ብዬ።»

ራሳቸው ሄደው ቫልቩን መክፈት ጀመሩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። በየዙሩ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ዘጠነኛው ላይ ጠጠሩ ጠፋ፤ የሞተሩ ለስላሳ እንጉርጉሮ ብቻ ቀረ። ባለጆሮው መዳፋቸውን ፓምፑ ላይ አሳረፉ።

«ጆሮዬ ሕመሙን ሰማ፤ መድኃኒቱ ግን የማላነበው ገጽ ላይ ነበር» አሉ። «አንድ ቃል ባለማወቄ ሦስት ኢምፔለር አስበላሁ፤ ሰፈሩን አስጠማሁ፤ ሰውም ልበላ ነበር። ከነገ ጀምሮ ሁላችንም አምስት አምስት ቃል እንማራለን፤ እጃችንን ዕቃው ላይ አድርገን። እኔ ልቅደም።»

እኔም እላለሁ፦ ቃል የሚማር ሰው ለጉራ አይማር፤ ሰው ላይ ከመፍረዱ በፊት የነገሩን ምክንያት እንዲያገኝ ይማር። ይህን ያወቀ ማሽኑን ያተርፋል፤ ጎረቤቱን ያጠጣል።

ባለጆሮው ደብዳቤውን ቀደዱና ወደ ወንፊት ጠራጊው ሄዱ። «አንድም ጠጠር ሳላገኝ ፈረድሁብህ። ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

ሰውየው ገና አሁን ቀና አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«እኔ እኮ ጋሼ፣ የወንፊቱን ቀዳዳ አንድ በአንድ በጣቴ እየቆጠርሁ ነበር የምጠርገው። እርስዎ አይሳሳቱም ብዬ፣ ‹ጠጠሩን ሳላውቀው የማስገባው እኔው ነኝ› እያልሁ ራሴን ስረግም ነው የከረምሁት።»