ያልበራው መብራት

ጠርታችሁት ያልመለሰላችሁን ሰው ሰነፍ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከናዝሬት ወደ መልካሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ከጎኗ ለተቀመጡ ሽማግሌ ስታወራ ሰማሁ።

«አባባ፣ አዲሱን ማዞሪያ ለመፈተን ሃያ ሰው ባንዴ ደወለ። አሥራ ስድስቱ ‹ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ አላነሳችም› አሉ። ጓድ ኃላፊው ቦታሽን ለሌላ ልሰጥ ነው አለኝ።»

«አንቀላፍተሽ ነዋ!»

«ኧረ አባባ! የማነሳው ጥሪ ገብቶ ማዞሪያው ላይ መብራት ሲበራ ነው። የበራው አራት ብቻ!»

«ሌላውስ?»

«ደዋዮቹ ጋ ሄድኩ። ሁሉም አንድ ቢሮ ናቸው። ስልካቸው ሃያ፣ ከቢሮው የሚወጣው መስመር አራት!»

«ወይ ጉድ! እነሱ በራቸው ላይ ተጋፍተው አንቺን ይወቅሳሉ?»

«በየሰፈሩ በትኜ አስደወልኳቸው። ሃያውንም አነሳሁ!»

«ኃላፊውስ?»

«ወንበሬን ራሱ ስቦ አስቀመጠኝ።»

በማግስቱ ከማስተምርበት ክፍል፣ ጠይቄው መልስ ያጣውን ተማሪዬን ከመቆጣቴ በፊት፣ ከኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሰሌዳዬን አየሁት፤ ጽሑፌ ከዚያ አይነበብም ነበር፤ እስቲ እናንተም ሞክሩት።