ፊደል አልይዝ ያለው ጊታር

(አዲስ አበባ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ፎቅ ላይ ያለች የጊታር መሸጫ፤ የክረምት ከሰዓት ነው፤ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ ይነዳል፤ ባለ ሱቁ ጥላዬ እና በጊታር ራስ ላይ የታወቀ ፋብሪካ ስም የምትለጥፈው አስካለ አንድ ጊታር መሃላቸው አጋድመው ይጨቃጨቃሉ።)

አስካለ፦ አልለጥፍም አልኩህ እኮ ጋሼ! ሌላ ሰው ፈልግ።

ጥላዬ፦ በዚህ ዝናብ ሌላ ሰው ከየት አባቴ ላምጣ? ገዢው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። «ሃልከር» ብሎ መጻፍ ስድስት የፈረንጅ ፊደል ነው፣ ስድስት! ዓይንሽን ጨፍነሽ የምትሠሪው ነገር።

አስካለ፦ ሦስት ጊዜ ለጠፍኩት፤ ሦስት ጊዜ ወደቀ።

ጥላዬ፦ ኮላው ነዋ።

አስካለ፦ ኮላ ቀይሬያለሁ።

ጥላዬ፦ እንግዲያው እርጥበቱ ነው። ክረምት እኮ ነው። የእኔ ጫማ እንኳ ትናንት ሶሉ ተላቆ መንገድ ላይ ቀረ።

አስካለ፦ የጫማህ ሶል ወለሉ ላይ በተርታ ተደርድሮ አልጠበቀህም።

ጥላዬ፦ ምን ማለትሽ ነው?

አስካለ፦ ትናንት ለጠፍኩና ግድግዳው ላይ ሰቅዬው ሄድኩ። ጠዋት ስገባ ስድስቱም ፊደሎች ወለሉ ላይ ናቸው። አንዱ እንኳ አልተሰበረም። ከአሮጌ አኮርዲዮን ሽፋን የቆረጥኳቸው ናቸው ጋሼ፤ ሲወድቁ እንደ ብስኩት ነው የሚፈረካከሱት። እነሱ ግን አንዱ ካንዱ ጎን፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያኖራቸው ነው የሚመስለው።

ጥላዬ፦ አይጥ ይሆናላ።

አስካለ፦ ማንበብ የሚችል አይጥ?

ጥላዬ፦ እህህ... እህ! ተይ እንግዲህ፣ አታስቂኝ። ይሄ ጉንፋን ደረቴን ይዞኛል።

አስካለ፦ ይኸው! ሰማህ?

ጥላዬ፦ ምኑን?

አስካለ፦ የተሰቀሉት ጊታሮች። አንተ ስትስል እምም አሉ።

ጥላዬ፦ የተወጠረ ክር ድምፅ ሲነካው ይነዝራል። ይሄንን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ሚኒባስ ሲያልፍም ያደርጉታል።

አስካለ፦ ሚኒባስ ሲያልፍ ሁሉም ነው የሚንጫጫው። ለሳል የሚመልሱት አራቱ ብቻ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ልንገርህ?

ጥላዬ፦ አትንገሪኝ።

አስካለ፦ ጋሽ ሽብሩ የሠራቸው።

ጥላዬ፦ አትንገሪኝ አልኩሽ እኮ!

አስካለ፦ ሲያመጣቸው እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይስል የነበረውን ሳል ለምደውት ነው መሰለኝ። አንተ ራስህ እሱ ከሞተ ወዲህ ብቻህን በር ከፍተህ አታውቅም። ታች ካፌው በር ላይ ቆመህ እኔን ነው የምትጠብቀው። አላየችኝም ብለህ ነው?

ጥላዬ፦ ቁልፉ አስቸግሮኝ ነው።

አስካለ፦ ቁልፉ።

ጥላዬ፦ ስሚ አስኩ። ሽብሩ ወዳጄ ነበር። አፈር ይቅለለው። አርባው ገና አልወጣም። ግን ይሄ ጊታር የመጨረሻ ሥራው ነው። አልጋ ላይ ሆኖ የጨረሰው። በክብር ይሸጥ ነው የምለው። ቀጨኔ መንደር ውስጥ ከዋንዛ እንጨት የተሠራ ጊታር ነው ብል ማን ዞር ብሎ ያየዋል? «ሃልከር» ስለው ግን ከእጄ ላይ ይነጥቁኛል። ዓለም ነው እንዲህ የሆነው፤ እኔ አልሠራሁት።

አስካለ፦ ና አሽትተው።

ጥላዬ፦ ምኑን?

አስካለ፦ የጊታሩን ራስ። አፍንጫህን አስጠጋ። አይነክስህም።

ጥላዬ፦ ...ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይላል።

አስካለ፦ ጧፍ ነው። ዛሬ ጠዋት ነው የገባኝ። ሰም አቅልጦ አጠጥቶታል፤ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ እስኪገባ ድረስ። ሰም የጠጣ እንጨት ኮላ አይዝም፣ ቀለም አይዝም፣ ቫርኒሽ አይዝም። ይሄን ትናንት መዶሻ የያዘ አናጢም ያውቀዋል፤ እንኳን ጋሽ ሽብሩ።

ጥላዬ፦ አፍስሶበት ይሆናል። የታመመ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል።

አስካለ፦ ሌላው ገላው ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። አንገቱም ላይ የለም። እኔ ፊደል በምደረድርባት ቦታ ላይ ብቻ።

ጥላዬ፦ ላጊው እንግዲህ! ሰም አይደል? አንስተሽ ጣይው!

አስካለ፦ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ጣቴን እየው፣ ተልጧል። ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ሰም ነው። ከዚህ በላይ ከሄድኩ የጊታሩ ራስ ይሳሳና ክር ሲወጠር ይሰበራል። ለክቶ ነው ያጠጣው። እስከምን ድረስ እንደምልግ ያውቅ ነበር።

ጥላዬ፦ ምን በድዬው ነው? እንጨቱን የማመጣለት እኔ፣ ሲታመም ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ። አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገርንም እኮ።

አስካለ፦ ከእኔም ጋር አልተነጋገረም። ግን ሁልጊዜ ይጽፍልኝ ነበር።

ጥላዬ፦ ምን ይጽፍልሻል?

አስካለ፦ ስሙን። ጊታር ባመጣ ቁጥር ራሱ ላይ፣ በእርሳስ፣ በትንንሹ። «ሽብሩ» ይላል፣ ከሥሩ የጨረሰበት ቀን አለ። እኔ ደግሞ እፍቀዋለሁ። በላዩ «ሃልከር» እለጥፍበታለሁ። በሌላ ጊዜ ሌላ ያመጣል፣ ጽፎበት። እፍቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።

ጥላዬ፦ በሁሉም ላይ?

አስካለ፦ በሁሉም።

ጥላዬ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

አስካለ፦ እንድፍቅ አይደል የቀጠርከኝ? እሱም እንደምፍቀው ያውቃል፣ እኔም እንደሚጽፈው አውቃለሁ። አንዴ ብቻ፣ ጊታሩን ሲያስረክበኝ «እናቴ ዕድሜ ልኳን ድስትና ጀበና ሠርታ ሸጠች፤ በስሟ የጠራቸው ሰው ግን የለም፤ አንቺ አትጨነቂ» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያቺ «አትጨነቂ» ጆሮዬ ላይ ስትጮህ አደረች።

ጥላዬ፦ በዚህኛውስ ላይ ምን ጻፈ?

አስካለ፦ ምንም። ባዶ ነው። ያስፈራኝ እሱ ነው ጋሼ። ስሙን ቢጽፍበት ኖሮ እንደልማዴ ፍቄ እገላገል ነበር።

ጥላዬ፦ እሺ፣ እሺ። እስቲ ረጋ ብለን እናስብ። ምስማር ብንመታበትስ? በትንንሽ ምስማር...

አስካለ፦ ለገዢው እውነቱን ልንገረው። እኔው እነግረዋለሁ። አንድ የሞተ ሰው ሠርቶት ነው፣ ፋብሪካ አይቶ አያውቅም፣ ከወደድከው በሠሪው ስም ውሰደው እለዋለሁ። ሙዚቀኛ ከሆነ ጆሮ አለው።

ጥላዬ፦ አይሆንም!

አስካለ፦ ለምን?

ጥላዬ፦ ለሌላ ሰው ቢሆን ይሁን እልሽ ነበር። ለእሱ ግን አይሆንም።

አስካለ፦ ማነው እሱ?

ጥላዬ፦ ...ሚልክያስ ነው።

አስካለ፦ የቱ ሚልክያስ?

ጥላዬ፦ ሆቴል የሚጫወተው።

አስካለ፦ የጋሽ ሽብሩ ልጅ? ለቅሶው ላይ ጥግ ይዞ የቆመው?

ጥላዬ፦ ቀስ በይ፣ አትጩሂ።

አስካለ፦ ለልጁ ልትሸጥለት ነው? የገዛ አባቱን ሥራ የአሜሪካን ነው ብለህ?

ጥላዬ፦ ለሁለተኛ ጊዜ።

አስካለ፦ ምን አልክ?

ጥላዬ፦ የመጀመሪያውን ከሦስት ዓመት በፊት ሸጬለታለሁ። ተይ፣ እንዲህ አትዪኝ! እኔ አልጠራሁትም። እግሩ አመጣው። የሚሠራበት ሆቴል ትልቅ ስም ያለው ጊታር ይዘህ ና ብሎታል። ሰባት ጊታር አወረድኩለት፤ ከውጭ የመጣውንም ጨምሬ። አንድ በአንድ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞከራቸው። ከዚያ አንዱን አቀፈው። የጊታሩን ራስ እንኳ አላየም አስኩ። ስሙን ያየው ከመረጠው በኋላ ነው።

አስካለ፦ የአባቱን።

ጥላዬ፦ የአባቱን። እኔ እዚህ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። «ይሄ እንኳ ይቅርብህ» አልኩት። ሳቀብኝ። «የማይሸጥ ነው እንዴ?» አለኝ።

አስካለ፦ ልጁ፣ አባቱ ለማን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር?

ጥላዬ፦ ሽብሩን ቃል አስገብቼው ነበር። ሃልከሮቹ ከየት እንደሚመጡ ለማንም እንዳይናገር፤ ለሚስቱም፣ ለልጁም። ልጁ የሚያውቀው አባቱ የሰፈር ጊታር እየጠገነ እንደሚኖር ነው። ያፍርበት ነበር መሰለኝ። ገዝቶ በቀጥታ ወደ ቀጨኔ ነው ይዞት የሄደው። አባቱ ጭን ላይ አስቀምጦ «አባዬ፣ ጊታር ማለት ይሄ ነው። እየው፣ ይሄ ነው ሥራ ማለት» ይለዋል።

አስካለ፦ አንተ ይሄን እንዴት አወቅህ?

ጥላዬ፦ ሽብሩ ነዋ የነገረኝ። በማግስቱ መጥቶ፣ እዚህ ተቀምጦ።

አስካለ፦ ልጁን ምን አለው?

ጥላዬ፦ ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን ዳሰሰ። ከዚያ «የሠራው ሰው እጁ ይባረክ» አለው።

አስካለ፦ ወይኔ ጋሽ ሽብሩ!

ጥላዬ፦ ይሄን ነግሮኝ ሲያበቃ «ጥላዬ፣ አንዷን ብቻ በስሜ አድርግልኝ» አለኝ። በሥራ ዘመኑ የለመነኝ እሷን ብቻ ነው። እኔም «የሚቀጥለውን» አልኩት። መጣ የሚቀጥለው። ጠያቂ ነበረው፣ ሸጥኩት። «እንግዲያው የሚቀጥለውን» አልኩት። ከዚያ በኋላ እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላነሳሁበት።

አስካለ፦ ለቅሶው ላይ ልጁ ጊታር አዝሎ ነበር። ከሥራ እንደወጣ፣ ከነቦርሳው። ሬሳው ሲወጣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ ይዞ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ምን እንደታቀፈ አያውቅም ማለት ነው።

ጥላዬ፦ አታድክሚኝ።

አስካለ፦ ይሄን ሁለተኛውንስ? ጋሽ ሽብሩ ለማን እንደሚሠራው ያውቅ ነበር?

ጥላዬ፦ እኔ ራሴ ነገርኩት። ሊጠይቀው የሄድኩ ቀን። ያስደስተው መስሎኝ ነው፣ እግዜር ያውቃል! «ልጅህ ሌላ ሃልከር አዟል፤ የበፊቱን የመሰለ ድምፅ ከሌለው አልፈልግም ብሏል» አልኩት። ከትራሱ ቀና አለ። ለሳምንት ውኃ እንኳ በማንኪያ ነበር የሚጠጣው። «ስንት ቀን አለኝ?» አለኝ።

አስካለ፦ አንተስ?

ጥላዬ፦ «ሦስት ሳምንት» አልኩት። በሁለት ሳምንት ጨረሰው። በሦስተኛው ተቀበረ።

አስካለ፦ እንግዲህ ሰሙ ለእኔ አይደለም ጋሼ። ለአንተም አይደለም። ለማን እንደሆነ አውቆ ነው በሩን የዘጋብን።

ጥላዬ፦ ብነግረውስ ምን ይሆናል? እስቲ ንገሪኝ! የመጀመሪያውን ይዞ ይመጣል፣ ፊቴ ላይ ይወረውረዋል። ለጓደኞቹ ያወራል። ከእኔ ሃልከር የገዛ ሁሉ ይሄን ደረጃ ይወጣል። ይሄ ሱቅ በሳምንቱ ይዘጋል፤ አንቺም ሥራሽን ታጫለሽ። ስለዚህ ነገር አስበሻል?

አስካለ፦ ጠዋት ሰሙ ከገባኝ ጀምሮ አስቤበታለሁ። እኔም ከአንተ ጋር ነው የምጠየቀው። የፋቀው የእኔ እጅ ነው።

ጥላዬ፦ ታዲያ!

አስካለ፦ ታዲያማ፣ ልጁ የአባቱ ጊታር ዋጋ የለውም ብሎ እያመነ ያረጃል። አንድ ቀን ለራሱ ልጅም እንደዚያ ብሎ ይነግረዋል። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወለሉን እያየሁ እገባለሁ።

ጥላዬ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

አስካለ፦ ደረጃው ላይ ሰው አለ።

ጥላዬ፦ ያን ቻይና ሠራሹን አውርጂልኝ። ሃልከር የተለጠፈበትን። ቶሎ! ያዘዝከው ይሄ ነው እለዋለሁ።

አስካለ፦ ዓይኑን ጨፍኖ ለሚመርጥ ሰው?

ጥላዬ፦ እንግዲያው አልደረሰም እለዋለሁ። መርከብ ላይ ነው እለዋለሁ...

አስካለ፦ በል እንግዲህ፣ በለው። በሩ ጋ ደርሷል፤ ጃኬቱን እያራገፈ ነው።

ጥላዬ፦ አስኩ፣ እባክሽ አንቺ ንገሪው።

አስካለ፦ እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። ቀጭኑን ብረት ምድጃው ላይ ጥጄዋለሁ።

ጥላዬ፦ የምን ብረት?

አስካለ፦ ሰም የጠጣ እንጨት ላይ በጋለ ብረት ብቻ ነው የሚጻፈው። ተቃጥሎ የገባ ፊደል አይለጠፍም፣ አይፋቅም። ጋሽ ሽብሩ የተወልን መንገድ ይሄ ብቻ ነው። ብረቱ ቀልቷል።

ጥላዬ፦ ምን ብዬ ነው የምጀምረው?

አስካለ፦ እየገባ ነው።

ጥላዬ፦ ሚልክያስ... ግባ፣ ግባ ልጄ። ጊታርህ ደርሷል፣ የሠሪው ስም ብቻ ነው የቀረው። ያንን ብረት በጨርቅ ያዘው፣ እንዳያቃጥልህ። የአባትህን ስም አንተው ጻፍበት።